ከማሸጊያው ጋር አብሮ የሚመረት ገላጭ ጽሑፍ፦ አሠራሩ፣ ጥቅሙና የሚያሻው ጥንቃቄ

ለግንባታ የመጣ የቀለም ባልዲ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቤት ገብቶ ለልዩ ልዩ አገልግሎት ሲውል ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ባልዲ ፀሐይና ውኃ ለዓመታት ቢፈራረቁበትም በላዩ ያለው ሥዕልና ጽሑፍ አይላጥም። በሌላ ዕቃ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን በመጀመሪያው እጥበት ተላቆ ይወድቃል። ልዩነቱ የሚመጣው ገላጭ ጽሑፉ በዕቃው ላይ ከሚያርፍበት መንገድ ነው።

ምን ዓይነት ዘዴ ነው?

በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ዕቃው ይመረታል፤ ገላጭ ጽሑፉ በኋላ በማጣበቂያ ይለጠፍበታል። በፋብሪካዎች ዘንድ «አይ ኤም ኤል» በሚል ምኅጻረ ቃል በሚታወቀው ዘዴ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አስቀድሞ የታተመው ስስ ገላጭ ጽሑፍ፣ በተለምዶ ሞልድ በሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያም ትኩሱ ፕላስቲክ ይገባበትና የጽሑፉን ጀርባ አለስልሶ ከራሱ ጋር ያዋሕደዋል። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ዕቃውና ጽሑፉ አንድ አካል ሆነው ይወጣሉ። ዘዴው እ.አ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ለሻምፑ ጠርሙሶች ጥቅም ላይ የዋለ ሲሆን፣ በኋላ ለምግብ ማሸጊያዎችም ተስፋፍቷል።

ሦስቱ የአሠራር መንገዶች

የመጀመሪያው የቀለጠን ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫው መጨመር ነው። የእርጎ፣ የገበታ ቅቤና የአይስክሬም ዕቃዎች፣ ክዳኖችና የቀለም ባልዲዎች በዚህ መንገድ ይመረታሉ። የሮቦት ክንድ ጽሑፉን አንሥቶ ያስገባል፤ ጽሑፉም በአየር መሳቢያ ወይም ማበጠሪያ ፀጉርን በሚስብበት ዓይነት የኤሌክትሪክ ኃይል ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውለው ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ወደ ቅርጽ ማውጫው የሚገባው ደግሞ ከ200 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነው። ስሱ ጽሑፍ በዚህ ሙቀት የማይበላሸው የታተመበት ገጽ በውኃ ከሚቀዘቅዘው ብረት ጋር ስለሚገናኝና ሥራው በሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠናቀቅ ነው።

ሁለተኛው፣ ትኩስ የፕላስቲክ ቱቦን በአየር ነፍቶ የጠርሙስ ወይም የጀሪካን ቅርጽ ማስያዝ ነው። የፈሳሽ ሳሙና፣ የሞተር ዘይትና የግብርና ኬሚካል መያዣዎች በዚህ መንገድ ሊሠሩ ይችላሉ። ግፊቱ ከመጀመሪያው ዘዴ ያነሰ በመሆኑ በጽሑፉ ጀርባ በሙቀት የሚነቃ ማጣበቂያ ይቀባል።

ሦስተኛው፣ የፕላስቲክ ሉሕን አሙቆ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በመሳብ ስስ ኩባያዎችን ማምረት ነው።

ጥቅሙና ወሰኑ

በዚህ ዘዴ የተሠራ ጽሑፍ እርጥበትን፣ ቅዝቃዜንና ቅባትን ይቋቋማል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ የወተት ተዋጽኦም ሆነ በቅባት እጅ የሚነካ የዘይት ዕቃ መረጃውን እንደያዘ ይቆያል። ዕቃው ተመርቶ ካለቀ በኋላ የመለጠፍ ሥራ አያስፈልገውም። ዕቃውም ጽሑፉም ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ከተሠሩ ሳይነጣጠሉ አብረው ቀልጠው እንደገና ጥሬ ዕቃ ለመሆን ይችላሉ፤ ሆኖም የኅትመቱ ቀለም የሚገኘውን ፕላስቲክ ሊያጠቁረው ይችላል።

ወሰኑ ወጪው ነው። ቅርጽ ማውጫውና ሮቦቱ ውድ በመሆናቸው ዘዴው የሚያዋጣው በብዛት ለሚያመርት ነው። አድራሻ ወይም የምርት ዓይነት ሲለወጥ አስቀድሞ የተመረተው ዕቃ ሁሉ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ስለዚህ ማር ወይም በርበሬ በአነስተኛ መጠን ለሚያሽግ ማኅበር፣ ጽሑፍ የሌለበት ዕቃ ገዝቶ እርጥበት በሚቋቋም ተለጣፊ መጠቀም የተሻለ ምርጫ ነው።

ጽሑፉ የሚመሰክረው ስለ ምንድን ነው?

ጽሑፉ አለመላቀቁ ለፀረ ተባይና ፀረ አረም መያዣዎች የበለጠ ትርጉም አለው። የአጠቃቀም መጠኑንና የአደጋ ምልክቱን ያጣ ጠርሙስ ገበሬውን ለግምት ይዳርገዋል፤ በኬሚካል ደግሞ ግምት ሰብልንም ሕይወትንም ያስከፍላል።

ይሁን እንጂ ከፋብሪካ የወጣው ይኸው የማይላቀቅ ጽሑፍ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይዘቱ ካለቀ በኋላም ጽሑፉ እንደ አዲስ ስለሚታይ፣ ባዶው ዕቃ በሌላ ነገር ተሞልቶ ሊሸጥ ይችላል። ጽሑፉ የሚመሰክረው ዕቃው ከየት እንደመጣ እንጂ አሁን በውስጡ ስላለው ነገር አይደለም። ስለዚህ ገዢ የሥዕሉን ውበት ብቻ ሳይሆን የክዳኑ እሽግ አለመነካቱን ማየት ይገባዋል። የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜና የምርት መለያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ዕቃው ከተሞላ በኋላ በተለየ ቀለም ስለሚታተሙ፣ የተፋቁ ወይም የተደረቡ አለመሆናቸውንም ማረጋገጥ አለበት።

ባዶ የኬሚካል መያዣ ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለእህልም ሆነ ለመኖ ፈጽሞ መዋል የለበትም። ፈሳሽ ኬሚካል የነበረበት ጠርሙስ እንዳለቀ ሩብ ያህሉን ንጹሕ ውኃ ሞልቶ፣ ከድኖ ለ30 ሰከንድ ያህል መናጥና እጣቢውን ወደ መርጫው መገልበጥ ያስፈልጋል። ይህ ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ጠርሙሱ ዳግም እንዳያገለግል መበሳት አለበት፤ እስኪወገድም ድረስ ከልጆችና ከውኃ ምንጭ ርቆ ይቀመጣል። ሦስት ጊዜ መታጠቡም ቢሆን ጠርሙሱን ለምግብ ወይም ለመጠጥ ብቁ አያደርገውም። ለቀለም ባልዲም ጥንቃቄው አይቀርም፤ ቀለም የነበረበት ዕቃ የመጠጥ ውኃና ምግብ ማስቀመጫ ሊሆን አይገባም።