ቆዳን የሚያነጡ ምርቶች እና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

ቆዳን «ያነጣሉ»፣ «ያጠራሉ» ወይም «ያቀላሉ» ተብለው የሚቀርቡ ቅባቶች፣ ሳሙናዎችና ሎሽኖች በውበት መጠበቂያ መሸጫዎች፣ በገበያ ቦታዎችና በማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች ይሸጣሉ። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ምርቱን ራሳቸው ገዝተው ይቀባሉ፤ ሕፃናት ደግሞ የሚቀቡት በአዋቂ እጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ምርቶቹ በሕግ እንዴት እንደሚታዩ፣ በልጆች ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ምን እንደሆነ እና ቤተሰብ አገልግሎት ለማግኘት ወዴት መሄድ እንዳለበት ያብራራል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የውበት መጠበቂያ ምርቶችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሥራውን የሚያከናውነው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ነው። ይኸው አዋጅ ትምባሆና የአልኮል መጠጥ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቆዳን በሚያነጡ ምርቶች ረገድ ግን መሠረታዊው መለያ የገዢው ዕድሜ ሳይሆን በምርቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው። ሜርኩሪ ያለበት ቅባት ለአዋቂም ለልጅም መርዝ ነው። እንደ ክሎቤታሶል እና ቤታሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶች ያሉበት ቅባት ደግሞ መድኃኒት እንጂ የውበት መጠበቂያ አይደለም፤ ስለሆነም ከሕጋዊ መድኃኒት ቤት በሐኪም ማዘዣ ብቻ ሊገኝ ይገባል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ብሎ ይደነግጋል፤ የልጁን ጤንነት የመጠበቅ ኃላፊነትንም ለአሳዳሪው ይሰጣል። በመሆኑም «ልጄ ራሷ ፈልጋ ነው የተቀባችው» የሚለው ምላሽ ወላጅን ከኃላፊነት አያወጣም።

በሌሎች አገሮች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ በተቃራኒው አቅጣጫ አጋጥሟል። በአውሮፓና በአሜሪካ ወጣቶች ቆዳቸውን ለማጠየም አልትራቫዮሌት ጨረር በሚያመነጩ መብራቶች ሥር ይተኙ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2009 እ.ኤ.አ. እነዚህን መሣሪያዎች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ በተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገባቸው። ብራዚል በዚያው ዓመት ለውበት ሲባል የሚሰጠውን አገልግሎት ለሁሉም ዕድሜ ከለከለች። እንግሊዝና ዌልስ ከ2011 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉ አገዱት። ብራዚል መሣሪያውን ራሱን፣ የኋለኞቹ ዕድሜን መነሻ አድርገዋል። ሁሉም ግን የተነሡበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ ነገር ለአንድ ታዳጊ የዕለት ምርጫ ሊተው አይገባም።

በቅባቱ ውስጥ ምን አለ?

ሜርኩሪ፣ በቀድሞ አጠራሩ ባዜቃ፣ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት ያደርጋል። ውጤቱ ቶሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ በኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በአንዳንድ ሳሙናዎች ውስጥ ከ1 እስከ 3 በመቶ፣ በአንዳንድ ቅባቶች ውስጥ ደግሞ ከ1 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ የሜርኩሪ ውህድ ይገኛል። ሚናማታ የተሰኘው ዓለም አቀፍ ስምምነት በመጀመሪያ ያስቀመጠው ወሰን ከሚሊዮን አንድ እጅ ነበር፤ አንድ በመቶ ሜርኩሪ ያለው ቅባት ይህን ወሰን በ10,000 እጥፍ ያልፋል። የስምምነቱ አባል አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ባደረጉት ጉባኤ ይህንንም ወሰን አንሥተው፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበት ማንኛውም የውበት መጠበቂያ እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይወጣ ወስነዋል።

ሕፃኑ ራሱ ባይቀባም ከአደጋው ውጭ አይሆንም። ሜርኩሪው ከእናት ቆዳ፣ ከትራስ ልብስና ከፎጣ ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል፤ በቤት ውስጥ አየርም በትነት መልክ ይገኛል። የሕፃን የቆዳ ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ የበለጠ በመሆኑ ወደ ሰውነቱ የሚገባው መጠን ከፍ ይላል። ምክንያቱ ያልታወቀ ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የመዳፍና የውስጥ እግር መቅላት ወይም የፊትና የእግር እብጠት የታየበት ልጅ ባለበት ቤት ማን ምን እንደሚቀባ መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

ስቴሮይድ በተገቢው መጠንና ጊዜ ሲታዘዝ እንደ ችፌ ላሉ ሕመሞች ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ለማንጣት ሲባል በየቀኑ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ የማይጠፋ ሸንተረር ያወጣል፣ ብጉር ያበዛል፤ በዐይን አካባቢ ከሆነ የዐይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በልጆች ላይ እድገትን ሊገታ ይችላል። ጭርት ባለበት ቆዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ማሳከኩ ለጊዜው ይቀንስና ፈንገሱ ተስፋፍቶ፣ መልኩንም ቀይሮ ይመለሳል። ቅባቱ ሲቆም ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል። ተጠቃሚዋ ይህን «ያለ ቅባቱ ፊቴ ይበላሻል» ብላ ስለምትተረጉመው ደግማ ትቀባለች፤ ብዙዎች ለዓመታት የሚቆዩት በዚህ መንገድ ነው።

ሃይድሮኪኖን ለማድያት በቆዳ ሐኪም ክትትል ሊሰጥ ይችላል። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን በፊት ላይ ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ሊያስከትል ይችላል፤ ይህን ማስለቀቅ እጅግ አዳጋች ነው።

ምርቱን እንዴት መለየት ይቻላል?

የንጥረ ነገር ዝርዝር የሌለውን፣ አምራቹ የማይታወቀውን ወይም በሳሎን ተቀላቅሎ በብልቃጥ የተሰጠውን ምርት አይግዙ። በዝርዝሩ ላይ «ካሎሜል»፣ «ሜርኩሪክ አዮዳይድ» ወይም «አሞኒየትድ ሜርኩሪ» የሚል ካለ ሜርኩሪ መሆኑን ይረዱ። «ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም ጋር አይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያም የሜርኩሪ ምልክት ነው። ይሁንና ዝርዝሩ ላይ አለመጻፉ አለመኖሩን አያረጋግጥም። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልም የንጥረ ነገር ዝርዝርን አይተካም።

ልጅዎ ተጠቅሞ ከሆነ

ሜርኩሪ ይኖርበታል ተብሎ የሚጠረጠር ምርት ወዲያውኑ ይቁም። እጅ ይታጠብ፤ ፎጣና የትራስ ልብስ ለብቻ ይታጠቡ። ምርቱን በላስቲክ ከረጢት አሽገው ያስቀምጡ እንጂ አያቃጥሉት፣ ወደ መጸዳጃም አይድፉት። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ለረጅም ጊዜ የተቀባ ልጅ ግን አቋቋሙን የሚወስንለት ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ በሐኪም የታዘዘ ከሆነም በራስ ውሳኔ አይቋረጥ።

ቀጥሎ ልጁን በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ፤ ዕቃውንም እንደታሸገ ይያዙ። የደም ግፊት ልኬትና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የሚያሳየው ቀላል ምርመራ የኩላሊት ጉዳትን ቀድሞ ለመጠርጠር ይረዳሉ። የቆዳ ስፔሻሊስት ካስፈለገ ጤና ጣቢያው ሪፈር ይጽፋል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት እና ደሴ አቅራቢያ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ከሚሰጡት መካከል ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ወረቀቱን ሳይዙ እንዳይሄዱ ይመከራሉ። ልጁን መገሠጽ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ የፈራ ልጅ የተቀባውን ሁሉ አይናገርም፣ ሐኪሙም የተሟላ መረጃ አያገኝም።

ጥቆማ ለመስጠት

አጠራጣሪ ምርት ሲሸጥ ያየ ማንኛውም ሰው ለባለሥልጣኑ በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላል። ሲደውሉ የምርቱን ስም፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የተገዛበትን ቦታ እንዲሁም ጉዳት ደርሶ ከሆነ ምን እንደታየ ይናገሩ። የምርቱን ፎቶግራፍና ደረሰኙን ያቆዩ። ግዢው በማኅበራዊ ሚዲያ ከነበረ የገጹን ስምና ከሻጩ ጋር የተለዋወጡትን መልእክት አያጥፉ።