ትንንሽ የቤት ውሾች፣ ዝርያቸውና ጠባያቸው

ግቢ በሌላቸው ቤቶች፣ በተለይም በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚኖሩ ዜጎች ውሻ ለማሳደግ ሲያስቡ በቅድሚያ ወደ ትንንሾቹ ዝርያዎች ማዘንበላቸው የተለመደ ነው። ምርጫው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከናወነው መልክን በማየት ነው። ትንንሽ ውሾች በአግባቡ ከተያዙ በርካቶቹ ከ12 እስከ 15 ዓመት ስለሚኖሩ፣ ቤተሰቡ ይህን ያህል ጊዜ አብሮ የሚዘልቀው ከውሻው ጠባይ ጋር ነው። ጠባይን አስቀድሞ ለመገመት የሚረዳው ቀዳሚ ጥያቄ ደግሞ ዝርያው በትውልድ አገሩ ለምን ተግባር ይራባ እንደነበር ማወቅ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሚሰጠው የዝርያዎች አመዳደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተውና መቀመጫውን በቤልጅየም ያደረገው ዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን ዝርያዎችን በ10 ምድቦች ይከፍላል። በዘጠነኛው ምድብ በዋናነት ለጓደኝነት የሚያዙ ውሾች ተመድበዋል፤ ቺዋዋ፣ ማልቲዝ፣ ፓግ፣ ፔኪንጊዝ፣ ሺ ትዙ እና ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ከእነዚህ መካከል ናቸው። በአንጻሩ ዮርክሻየር ቴሪየር 3 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝን ቢሆንም የተመደበው ከአዳኝ ቴሪየሮች ጋር ነው። ፖሜራኒያን ከስፒትዝ ውሾች ጋር ሲመደብ፣ አጭር እግርና ረጅም ጀርባ ያለው ዳክሰንድ ደግሞ የራሱ ምድብ ተሰጥቶታል። ገዢው ሁሉንም «ትንሽ ውሻ» በሚል አንድ ስም ቢጠራቸውም ልዩነታቸው ቤት ከገቡ በኋላ መገለጡ አይቀርም።

ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ዝርያዎች

ፔኪንጊዝ፣ ፓግ እና ሺ ትዙ ከቻይና ቤተ መንግሥት ሕይወት ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው። ፔኪንጊዝ በአውሮፓ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር በፔኪንግ አቅራቢያ የሚገኘውን የበጋ ቤተ መንግሥት በዘረፈበት ወቅት የተገኙ ጥቂት ውሾች ወደ እንግሊዝ ከተወሰዱ በኋላ ነው። ይህ ዝርያ ረጋ ያለና ኩሩ ነው፤ ከቤተሰቡ አንዱን ሰው መርጦ ይጠጋል፣ ሲጠሩት በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ሕፃናት ሲያንገላቱት አይታገሥም። ፓግ ከዚህ የተለየ ነው። ተጫዋችና ለልጆች ትዕግሥተኛ ሲሆን፣ ችግሩ ምግብ መውደዱ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ግራም መመዘን የሚገባው ውሻ በቀላሉ ከዚህ ያልፋል። ሺ ትዙ ከእንግዳ ጋር በፍጥነት ስለሚላመድ ቤት ይጠብቅልኛል ብሎ መውሰድ አያዋጣም። የእርሱ ዘመድ የሆነው የቲቤቱ ላሳ አፕሶ ግን በገዳማት ውስጥ ሰው ሲመጣ በጩኸት የማሳወቅ ተግባር ነበረው፤ እስከ ዛሬም እንግዳን በጥርጣሬ ይመለከታል።

የጠፍጣፋ ፊት ውሾች ዋና ችግር መተንፈስ ነው። አፍንጫቸው አጭር፣ የአየር መተላለፊያቸውም ጠባብ በመሆኑ በማለክለክ ሰውነታቸውን ማቀዝቀዝ ይከብዳቸዋል። ይህ በአገራችን ሁኔታ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ ሙቀቱ ለእነዚህ ውሾች ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል። የእግር ጉዞ በማለዳና በምሽት ብቻ እንዲደረግ፣ ማሰሪያውም አንገት ላይ ሳይሆን ደረት ላይ የሚውል እንዲሆን ይመከራል። ምላሱ ወይም ድዱ ከቀላ ወይም ከሰማያዊነት ከተቀላቀለ፣ ወይም ውሻው ከተንገዳገደ፣ ወደ ጥላ አስገብቶ ሰውነቱን በውኃ ማርጠብና ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ብዙዎች የውሻውን ማንኮራፋት እንደ ቀልድ ቢያዩትም፣ ከልክ ያለፈ ማንኮራፋት የሕመም ምልክት ነው።

ቺዋዋ እና ማልቲዝ

ስሙን ከሜክሲኮ አንድ ግዛት የወሰደው ቺዋዋ ክብደቱ ከ3 ኪሎ ግራም አይበልጥም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ስለነበር፣ ዝርያው ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ቺዋዋ ለአንድ ሰው እጅግ ታማኝ፣ ለሌላው ግን ተጠራጣሪ ነው። የሚናከሰውም አብዛኛውን ጊዜ በፍርሃት ነው። ከእርሱ በብዙ እጥፍ በሚበልጡ ሰዎች መካከል የሚኖር ፍጡር ሳይጠየቅ በድንገት ሲነሣ መደናገጡን ማንም ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ እንግዶች ከላይ ጎንበስ ብለው እንዳያነሡት፣ ራሱ ቀርቦ እስኪያሸታቸው እንዲጠብቁ ማድረግ ይገባል። አጥንቱ ቀጭን በመሆኑ ከአልጋ ወይም ከሶፋ መዝለል እንኳ ሊሰብረው ይችላል፤ ቡችላው ምግብ ካጣ የደሙ ስኳር በፍጥነት ስለሚወርድ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት መመገብ አለበት። በአጠቃላይ ከአምስትና ስድስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ላሉበት ቤት ቺዋዋ ተስማሚ ምርጫ አይደለም።

ማልቲዝ ከጥንት ጀምሮ በሜዲትራንያን አካባቢ ይታወቅ የነበረ ነጭ ውሻ ነው። ገራም፣ ሰው ወዳድና ትምህርት የሚቀበል ነው። ይህ ሰው ወዳድነቱ ቀኑን ሙሉ ባዶ ለሚውል ቤት ዕዳ ይሆናል፤ ብቻውን ሲቀር ይጮኻል፣ ዕቃ ያኝካል፣ ጎረቤትም ያማርራል። ፀጉሩ ብዙም ባይረግፍም በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል።

ሥራ የለመዱት

ዮርክሻየር ቴሪየር በ19ኛው መቶ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ የሠራተኞች ሰፈር የወጣ ዝርያ ሲሆን፣ በፋብሪካዎች አይጥ ያድን ነበር። ዛሬ ፀጉሩ በሪባን ቢታሰርም ጠባዩ ያው ነው፤ ደፋር፣ ጯሂ፣ ከእርሱ የሚበልጥን ውሻ ለመጋፈጥ የማይመለስ። ዳክሰንድ በጀርመን ፍልፈል መሰል እንስሳትን ከጉድጓድ ለማውጣት የተራባ ስለሆነ ይቆፍራል፣ እልኸኛም ነው፤ ረጅም ጀርባው ለዲስክ ጉዳት ስለሚያጋልጠው ደረጃ ባለበት ሕንፃ ተሸክሞ ማውጣትና ማውረድ ይገባል። ፖሜራኒያን ንቁና ደወል ሲሰማ ቀድሞ የሚጮኽ ነው።

ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ለልጆችም ሆነ ለአረጋውያን እጅግ ተስማሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሌባንም ቢሆን በጅራት ውልብልቢት ሊቀበል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ ዝርያ የልብ ቫልቭ በሽታ በስፋት ስለሚታይ፣ ከመግዛት በፊት የወላጆቹ ልብ በሐኪም ስለመመርመሩ ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመረከብ በፊት

ሻጭ የሚሰጠው የዝርያ ስም በራሱ ማረጋገጫ አይደለም። ከተቻለ እናቲቱን በአካል ማየት ስለ ቡችላው ጠባይ ብዙ ይናገራል። «የሻይ ስኒ ውሻ» በሚል ስም በውድ የሚቀርቡት እጅግ ደቃቃ ቡችሎች የታወቀ ዝርያ አይደሉም፤ አብዛኞቹም ለሕመም የተጋለጡ ናቸው። ከ8 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ ከእናቱ መለየት የለበትም። ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና አዲስ ነገርን ያለ ፍርሃት መልመድ የሚችለው በዋናነት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ በዚህ ወቅት ያየው አያያዝ ከዝርያው ባልተናነሰ ጠባዩን ይወስናል። በዚሁ መንገድ በፍቅር ያደገ የሀበሻ ውሻም መልካም የቤት ጓደኛ ይሆናል።

በምግብ ረገድ የወጥ ትራፊ መስጠት በእጅጉ ሊታሰብበት ይገባል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። በአንድ ኪሎ ግራም የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ለ3 ኪሎ ግራም ቺዋዋ አንድ ራስ ሽንኩርት በቂ ነው። ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና የበሰለ የዶሮ አጥንትም አይሰጡም።

የእብድ ውሻ በሽታ

ውሻው ትንሽ መሆኑ ወይም ከቤት አለመውጣቱ ከዚህ በሽታ ነጻ አያደርገውም። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ቀጣዩ ክትባት ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይሰጣል፣ የምስክር ወረቀቱም በጥንቃቄ ይቀመጣል። ትንሽ ውሻ ነከሰኝ ብሎ ቁስሉን መናቅ አይገባም። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በባህል መድኃኒት ጊዜ ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል። የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ አይገደልም፤ ታስሮ ለ10 ቀናት ይጠበቃል፣ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ውስጥ መታመሙ ወይም አለመታመሙ ለሐኪሙ ወሳኝ መረጃ ነው።

ከአገር ወደ አገር ማጓጓዝ

ውሻ ይዘው የሚመለሱ ወይም የሚወጡ ዜጎች ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ሁለት ነገር ማረጋገጥ አለባቸው። አንደኛው የመዳረሻው አገር የእንስሳት ጤና መስፈርት ነው። ለምሳሌ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአውሮፓ ኅብረት ዝርዝር ካልተካተቱ አገሮች ወደ ኅብረቱ የሚገባ ውሻ ማይክሮቺፕ ሊኖረው፣ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢያንስ 30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ ሊደረግለትና ደሙ ከተወሰደ በኋላም 3 ወር ሊጠብቅ ይገባል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከጉዞው አምስት ወር ቀደም ብሎ ቢጀመር ይመረጣል። ሁለተኛው የአየር መንገዱ ደንብ ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች ፓግን፣ ፔኪንጊዝንና መሰሎቻቸውን በጭነት ክፍል አይቀበሉም።