በአዋሽና በሰመራ ለጓሮ የሚሆኑ አነስተኛ የሎሚና የብርቱካን ችግኞች፦ አመራረጥ፣ ግዢና እንክብካቤ

ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሎሚ፣ ግሬፕፍሩትና ትርንጎ የሲትረስ ቤተሰብ ፍራፍሬዎች ናቸው። በአዋሽ ተፋሰስ የእነዚህ ፍራፍሬዎች ልማት አዲስ አይደለም፤ በላይኛው ተፋሰስ የሚገኙት የመርቲና የኑራ ኤራ እርሻዎች ለረጅም ዓመታት ብርቱካንና መንደሪን ሲያመርቱ ቆይተዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብርም የፍራፍሬ ችግኞችን የሚያካትት በመሆኑ ለጓሮ ተከላ የሚሰጠው ትኩረት ጨምሯል።

ይሁን እንጂ የወንዙን ተፋሰስ ተከትሎ ወደ ታች በተወረደ መጠን ሙቀቱ ይበረታል፤ የአፈር ጨዋማነት ችግርም ይሰፋል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የሰመራ ከፍታ ከ500 ሜትር በታች ነው። በመሆኑም በሁለቱ ከተሞች ችግኝ የሚገዛ ነዋሪ ከፍሬው ዓይነት አስቀድሞ ሊያረጋግጠው የሚገባው ችግኙ የቆመበትን ሥር ነው።

“የተዳቀለ ችግኝ” ሲባል

በገበያ “የተዳቀለ” የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ያገለግላል። የመጀመሪያው ከሁለት ዝርያዎች ውህደት የተገኘ ተክል ነው። ብርቱካን ራሱ በጥንት ዘመን መንደሪን ከፖሜሎ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ሲሆን፣ ፍሬ አልባ የሆነው (ዘር የሌለው) የታሂቲ ሎሚም የድቅል ውጤት ነው። ሁለተኛው በክተባ የተዘጋጀ ችግኝ ነው፤ ይኸውም የአንዱ ተክል ዓይን ወይም ቀንበጥ በሌላ ተክል ሥረ ግንድ ላይ ተጣብቆ እንዲያድግ የተደረገ ማለት ነው። ገዢው “የተዳቀለ ነው” ሲባል የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። በክተባ የተዘጋጀ ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ፍሬ መስጠት ሲጀምር፣ ከዘር የበቀለ ብርቱካን ግን ከአምስት ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ሥረ ግንዱ ለምን ይወስናል?

ዛፉን አጭር የሚያደርጉት ትራይፎሊየት የተባለው ባለ ሦስት ቅጠል ሥረ ግንድና በተለይም “ፍላይንግ ድራጎን” የተሰኘው ዓይነቱ ናቸው። እነዚህ ሥረ ግንዶች ግን ኖራ የበዛበትንና ጨዋማ አፈርን አይቋቋሙም። ከእንዲህ ዓይነቱ አፈር ብረት ማግኘት ስለሚሳናቸው የቅጠሉ ሥጋ ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ዛፉም ቀስ በቀስ ይመነምናል።

“ክሊዮፓትራ መንደሪን” እና “ራንግፑር ሎሚ” ጨውን በመቋቋም የተሻሉ ናቸው። ኮምጣጣ ብርቱካን ኖራማ አፈርን ቢስማማም፣ ብርቱካን፣ መንደሪን ወይም ግሬፕፍሩት ሲከተብበት ትሪስቴዛ ለተባለው የቫይረስ በሽታ ይጋለጣል። ስለዚህ በአዋሽና በሰመራ ዛፉን አነስተኛ አድርጎ ለመያዝ የሚመረጠው መንገድ፣ ጨው በሚቋቋም ሥረ ግንድ ላይ የተከተበ ችግኝ ገዝቶ በመግረዝ ወይም በትልቅ ማሰሮ በመትከል መጠኑን መወሰን ነው።

አፈርና ውሃ

በአሚባራ አካባቢ ለዓመታት በመስኖ የለሙ መሬቶች የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ በማለቱ ለጨዋማነት ተዳርገዋል። ብርቱካን የአፈሩ ጨዋማነት ከ1.7 ዴሲሲመን በሜትር ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። በመሆኑም ከተከላ በፊት አፈሩንም የሚጠጣውን ውሃ፣ በተለይም የጉድጓድ ውሃን፣ ማስመርመር ተገቢ ነው። በወረር የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ጨዋማ አፈር፣ የመልካሳው ደግሞ ስለ ቆላ ፍራፍሬ የምርምር ሥራ ያካሂዳሉ።

በግዢ ወቅት የሚታዩ ነጥቦች

• የዝርያውና የሥረ ግንዱ ስም ተለይቶ ይታወቃል ወይ? ሻጩ ሥረ ግንዱን የማያውቅ ከሆነ ችግኙን አለመግዛት ይመረጣል።
• የክተባው ቦታ በግልጽ የሚታይ፣ በደንብ የተጣበቀና ከአፈሩ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መሆን አለበት።
• ሥሩ በከረጢቱ ውስጥ ተጠማዝዞ የታጨቀ መሆን የለበትም።
• የቅጠሉ ጀርባ ከነፍሳትና ከእንቁላላቸው ነጻ መሆኑ ይፈተሻል።

የመጨረሻው ነጥብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሲትረስ ግሪኒንግ የተባለው በሽታ ሲሊድ በሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳትና በተበከለ ችግኝ ይተላለፋል፤ ፈውስም የለውም። ሙቀትን የሚቋቋመው የእስያ ዓይነቱ በኢትዮጵያ ብርቱካን ላይ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመዝግቧል። ምንጩ ያልታወቀ አንድ ችግኝ የጎረቤትንም ጓሮ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ከታወቀና ቁጥጥር ከሚደረግበት የችግኝ ጣቢያ መግዛት ይመከራል።

ተከላና እንክብካቤ

በአካባቢው ከባዱ ሙቀት በግንቦትና በሰኔ የሚታይ በመሆኑ፣ ውሃ እስካለ ድረስ ከጥቅምት እስከ ኅዳር መትከል ችግኙ ሙቀቱ ሳይመጣ ሥር እንዲሰድ ያግዘዋል። ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ኖሮት በበሰለ ብስባሽና በላይኛው አፈር ይሞላል። የክተባው ቦታ ፈጽሞ መቀበር የለበትም። ከክተባው በታች የሚወጡ ቀንበጦች የሥረ ግንዱ ስለሆኑ ወዲያውኑ ይነቀላሉ፤ ካልተነቀሉ የተገዛውን ዝርያ ውጠው ያስቀሩታል።

በመጀመሪያው ዓመት ከቀትር በኋላ ያለውን ፀሐይ የሚከላከል ዳስ ወይም የጥላ መረብ ያስፈልጋል። ግንዱን በውሃ በቀጠነ ነጭ ቀለም መቀባት ከፀሐይ ቃጠሎ ይጠብቀዋል። ውሃ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይጠጣል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማጠጣት ይልቅ በየተወሰነ ቀን ሥሩ ድረስ እንዲዘልቅ አድርጎ ማጠጣት ጨውን ከሥሩ አካባቢ ወደ ታች ያጥባል፤ ለዚህም ውሃው የሚንጠፈጠፍበት መውጫ ሊኖረው ይገባል። ማሰሮ ከሆነ ታችኛው ክፍል መበሳት አለበት። የደረቀ ሣር ወይም ገለባ በዛፉ ዙሪያ ማልበስ ትነትን ይቀንሳል፤ ግንዱን ግን መንካት የለበትም።

ፍሬው ሲደርስ

የብርቱካንና የመንደሪን ልጣጭ ወደ ቢጫነት የሚለወጠው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። በሰመራ ዓይነት ሞቃት ስፍራ ፍሬው በስሎም አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል፣ መድረሱ በቀለሙ ሳይሆን በጣዕሙና በጭማቂው መጠን ይታወቃል።

ነዋሪዎች ችግኝ ከመግዛታቸው በፊት በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የወረዳ ወይም የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ማማከር ይችላሉ። በጓሮ ዛፍ ላይ የቅጠል መጥቆር፣ የተዛባ ቢጫነት ወይም የቅርንጫፍ መድረቅ ሲታይም ቀንበጡን ወደ ሌላ ስፍራ ሳያንቀሳቅሱ ለጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ በሽታው እንዳይዛመት ይረዳል።