የግፊት ማዕበል በሁለት ጋዞች ወሰን ላይ፤ የሪችትማየርና የሜሽኮቭ ምርምር ታሪክ

ውኃና ዘይት የያዘ የተከደነ ጠርሙስ ቢገለበጥ፥ ከላይ የዋለው ውኃ ጸንቶ አይቆይም፤ ወሰኑ ፈርሶ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ይህን አለመርጋት እንግሊዛዊው ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1883 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሒሳብ መረመረው። ጂ. አይ. ቴይለር ደግሞ በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ የመሬት ስበት ብቻ ሳይሆን ማናቸውም የፍጥነት ለውጥ ይህንኑ ሊያመጣ እንደሚችል አስረዳ። በዚህ ትምህርት መሠረት ወሰኑ የሚፈርሰው ቀላሉ ከባዱን ሲገፋ ነው፤ ከባዱ ቀላሉን ሲገፋ ግን ይረጋል።

ግፊቱ አንድ ጊዜ ብቻ መትቶ የሚያልፍ ቢሆንስ? ሊቃውንት «ሾክ ዌቭ» የሚሉት፥ ከድምፅ የሚፈጥን የግፊት ማዕበል እንዲህ ያለ ነው። ቀድሞ በሎስ አላሞስ የሠራው አሜሪካዊው ሮበርት ሪችትማየር በ1960 ባወጣው ጽሑፍ፥ በወሰኑ ላይ ያለች ጥቂት መጣመም ከምቱ በኋላ በተወሰነ ፍጥነት እየሰፋች እንደምትሄድ በስሌት አሳየ።

በ1969 ይህን በሙከራ ያረጋገጠው የሶቪየት ኅብረቱ ኢቭጌኒ ሜሽኮቭ ነው። በረጅም ቱቦ ውስጥ ሁለት ጋዞችን በስስ ሽፋን ለይቶ፥ ሽፋኑንም እንደ ሞገድ አጣሞ፥ ማዕበሉን ለቀቀበት። ማዕበሉ የወሰኑን አንዱን ክፍል ከሌላው ቀድሞ ስለሚመታው በዚያ ሽክርክሪት ይፈጠራል፤ ሽክርክሪቱም መጣመሙን ያሰፋዋል፤ ቈይቶም ትንንሽ አዙሪቶች ተወልደው ጋዞቹ በትርምስ ይደባለቃሉ። አስደናቂው ነገር ግን ማዕበሉ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ሲያልፍ የታየው ነው፤ መጣመሙ መጀመሪያ ይስተካከላል፥ ቀጥሎ ተገልብጦ ጉብታው ጐድጓዳ ይሆናል፥ ከዚያም ያድጋል። እንግዲህ በቴይለር ዘንድ የረጋ የነበረው አቅጣጫ በዚህ ዘንድ አይረጋም።

ሜሽኮቭ የለካው እድገት ከሪችትማየር ስሌት ያነሰ ነበር። ለዚህም ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ጋዞቹን የሚለየው ሽፋን ነው፤ ሲቀደድ ቍርጥራጩ ከጋዙ ጋር ይጓዛልና። ያለ ሽፋን ግን ጋዞቹ ሳይመቱ ይደባለቃሉ! ስለዚህ ኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ከባድ ጋዝ እንደ መጋረጃ በአየር መካከል እያወረዱ ሙከራውን ያለ ሽፋን አደረጉት። በእኔ አስተያየት የዚህ ምርምር ትልቁ ድካም ይህ ነበር።

ሁለቱም ሰዎች በየአገራቸው የአቶም ጦር መሣሪያ በሚሠራባቸው ተቋማት አገልግለዋል፤ መንግሥቶቻቸው በተፋጠጡበት ዘመን ጽሑፎቻቸው በግልጽ ታትመው ስማቸው በአንድነት የክስተቱ መጠሪያ ሆነ። ታኅሣሥ 5 ቀን 2022 በካሊፎርንያው ናሽናል ኢግኒሽን ፋሲሊቲ 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ኃይል ያረፈበት ዒላማ 3.15 ሜጋጁል ሲያስገኝ፥ አንዱ የድካሙ ፍሬ የነዳጁ ቅርፊት በዚሁ አለመርጋት ከነዳጁ ጋር ተደባልቆ እንዳያቀዘቅዘው መጠበቅ ነበር።