ሽፍታና ባንዳ፤ የሁለት ስሞች ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የወንጀለኛን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ኃይል ያለው ሰው ነው፤ የሚያጸናውም የሚሽረውም ሕዝቡ ነው። የዋግ ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል።

በአማርኛ ሌባ፥ ወንበዴና ሽፍታ አንድ አይደሉም። ሌባ ተሰውሮ ይሰርቃል፤ ወንበዴ በመንገድ አድብቶ መንገደኛውን ይዘርፋል። ሽፍታ ግን ከሹም ወይም ከንጉሥ ተጣልቶ «ዱር ቤቴ» ብሎ የሚወጣ ነው። ይህ ማለት ሽፍታ ሁሉ ደግ ነበር ማለት አይደለም፤ ከድኻ ጎተራ ቀምቶ የበላ ብዙ ነው። ነገር ግን የሸፈተ ሰው ታርቆ ሊገባ፥ ሊሾም፥ ሊነግሥም ይችል ነበር። የቋራው ካሣ ሸፍተው ኖረው በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እርሳቸውም የዋጉን ሹም ገብረ መድኅንን በስቅላት ገደሉ፤ የሟቹም ልጅ ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ። እርሳቸውን በ1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ድል ያደረጓቸው፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የተባሉት የትግሬው ካሣም፥ አስቀድሞ በቴዎድሮስ ላይ ሸፍተው ነበር። እንግዲህ ሦስት ነገሥታት በተከታታይ ከሽፍትነት ወደ ዙፋን ወጡ ማለት ነው።

የባዕድ ገዥ ግን እንዲህ ያለውን ልዩነት አይመረምርም። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ የክፉ ሰው ስሞችን ከአገሩ ቋንቋ ለቅመው ወሰዱ፤ በ1886 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በታተመው «ሆብሰን ጆብሰን» በተባለው መዝገበ ቃላትም ብዙዎቹ ተጽፈው ይገኛሉ። «ባድማሽ» አተዳደሩ የከፋ ማለት ነው፤ «ታግ» አታላይ ማለት ነው፤ «ደኮይት» በጭፍራ የሚዘርፍ ነው። ስሙ ከሰው አልፎ ሕግ ሆነ፤ በ1871 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በወጣው ደንብ አንዳንድ ነገዶች በሙሉ ወንጀለኞች ተብለው ተመዘገቡ፤ ሕፃኑም ከነስሙ ተወለደ። ይህ ደንብ የተሻረው ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው።

ኢጣልያኖችም በ1928 ዓ.ም. ሰቆጣን ከያዙ በኋላ እንደዚሁ አደረጉ። በዱር የሚዋጋቸውን አርበኛ በቋንቋቸው ዐመፀኛና ወንበዴ ማለት አልበቃቸውም፤ «ሽፍታ» የሚለውን የአገሩን ቃል ወስደው ለነቀፋ አዋሉት። ለእነርሱ ያደረውን የአገር ተወላጅ ጭፍራ ደግሞ «ባንዳ» አሉት፤ ይህም በቋንቋቸው ጭፍራ ማለት እንጂ ነውር የለበትም። በ1929 ዓ.ም. ክረምት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግንና የላስታን ሰው ይዘው ተነሡ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ጠላትም ራሳቸውን አስቆርጦ ለማስፈራሪያ በአደባባይ አሳየው። በጠላት መዝገብ ዐመፀኛ ነበሩ፤ በአገራቸው ግን አርበኛ ተባሉ። «ባንዳ» የሚለውም ቃል በኢጣልያ አፍ የአገልጋይ ማዕርግ ሲሆን፥ በኢትዮጵያ አፍ አገሩን የሸጠ ማለት ሆነ።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ቃሉ ግን ቀረ። «ሽፍታ» ከኢትዮጵያም ወሰን ተሻግሮ፥ የኬንያ መንግሥት ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ወሰኑ የተነሡበትን ሶማሌዎች ጠራበት። «ባንዳ» ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ በጠብ ጊዜ ከአንደበት የሚፈጥን ስድብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በአባት ሥራ ምክንያት በልጅ ልጅ ላይ ይለጠፋል። አገሩን የከዳ ሰው የሥራውን ስም መሸከሙ ተገቢ ነው። ስሙን በዘር ማውረስ ግን ባዕድ ገዥ በሕንድ ሕፃናት ላይ የጻፈውን ደንብ በገዛ እጅ መልሶ መጻፍ ነው።