ቮልስዋገንና የዘመናችን ትዝታ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከዙፋንና ከጦር ሜዳ ተነሥቶ ነው። ነገሥታቱ መቼ እንደ ነገሡ፥ ጦርነቱ የት እንደ ተደረገ፥ ውሉ በማን እጅ እንደ ተፈረመ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ሰው በየዕለቱ ሲገለገልባቸው የኖሩት ዕቃዎች ግን ታሪክ ያላቸው መስለው አይታዩም፤ አርጅተው ሲጣሉም ስለ እነርሱ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ የቅርቡን ዘመናችንን ከሥሩ ሊረዳ የሚፈልግ ሰው እነዚህን ዝም ያሉ ምስክሮች ሊጠይቃቸው ይገባል። ከነዚህም አንዱ አሮጌው መኪና ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ ያሰብነው፥ መኪና ከቤተ መንግሥት ወጥቶ እስከ መምህሩና እስከ ጸሐፊው ደጅ እንዴት እንደ ደረሰ፥ በመንገዱም ላይ የመንግሥትን ታሪክና የቤተ ሰብን ትዝታ እንዴት አንድ ላይ እንደ ተሸከመ ነው።

አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ. ም. ነው። ያመጣውም ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፥ መኪናው ሲድሊ ይባል ነበር። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና፥ ከጂቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ወደ ደጋው ለመውጣት ወራት ፈጅቶበታል። በዚያው ዓመት ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። ለአዲስ ጥበብ ልባቸው ፈጥኖ የሚነሣው ምኒልክም በመኪና ተቀምጠው ከተማቸውን ለማየት በቁ።

ከዚህ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፥ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ በእንፋሎት የምትንቀሳቀስ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር። ሕዝቡ የፋብሪካዋን ስም ሳይጠይቅ ባመጣት ሰው ስም «ሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠራት። ይህ ትንሽ ነገር ትልቅ ትምህርት አለው። ሞተር በአገራችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚታወሰው ከብረቱ ይልቅ በሰዉ ነው። ዛሬም አንድ አሮጌ መኪና ሲያልፍ «ይህ የእገሌ መኪና አልነበረም ወይ?» የምንለው ከዚሁ ልማድ የተነሣ ነው።

የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ሲደርስ መኪና ማስመጣት ቀለለ፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት መኪና የመኳንንቱ፥ የሌጋሲዮኖቹና የነጋዴዎቹ ንብረት ሆኖ ቆየ። ተራው ሰው የሚያውቀው መንገድ ዳር ቆሞ በማየት ብቻ ነበር።

ኢጣሊያ አገራችንን በወረረበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም.፥ መኪና በሌላ መልክ መጣ። ለጦር ሠራዊት ስንቅና ጥይት ማመላለሻ ሲባል ተራራው ተቆረጠ፤ ጣርማ በርም ተሸነቆረ። «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባሉት የፊያት ካሚዮኖች በየዳገቱ ማቃሰት ጀመሩ። ወራሪው በአርበኞች ተጋድሎና በጦር ጓደኞቻችን ርዳታ ተባርሮ ሲወጣ፥ መንገዱና ካሚዮኑ ቀርቶ የነፃው ሕዝብ መገልገያ ሆነ። ከዚህም በላይ ቋንቋው ቀረ። ጎማ፥ ፍሬን፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ባሌስትራ፥ ፓራፋንጎ፥ ፍሬቻ፥ ቸርኬ፥ ክሪክ፥ ታርጋ፥ ቦሎ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ሾፌርና ጋራዥ ደግሞ ከፈረንሳይኛ። አንድ መካኒክ ለረዳቱ መሣሪያ ሲጠራለት የሚሰማ ሰው፥ ሳያውቀው የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ታሪካችንን በአጭሩ ይሰማል። ጠላት ያመጣውን ቃል የአገሬው ሠራተኛ በአማርኛ ሰዋስው አስገብቶ የራሱ አድርጎታልና።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት መንገዶቹን ለማደስ ከዓለም ባንክ በ1943 ዓ. ም. መጀመሪያ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገድ ሲበጅ፥ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ሲበዛ፥ ደመወዝ የሚቆጥር አዲስ የሰው ክፍል ተነሣ፤ ይኸውም መምህሩ፥ ነርሱ፥ ጸሐፊው፥ የባንክ ሠራተኛው ነው። የመኪና ታሪክም ወደዚህ ሰው ደጅ የዞረው ያን ጊዜ ነው። በከተማው «ሰይቼንቶ» የሚባሉት ትንንሽ የፊያት ታክሲዎች ተበተኑ። ከሁሉ ይልቅ ግን የዚያን ዘመን ሰው ልብ የሳበችው ቮልስዋገን፥ በአጭሩ «ቮልስ» ናት።

ቮልስ ለምን እንደ ተወደደች ምክንያቱን መርምረን እናገኘዋለን። በጀርመን አገር በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በፈርዲናንድ ፖርሼ የተነደፈችው ይህች መኪና ሞተሯ ከኋላ፥ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው፤ ሞተሯም የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ዳገት በበዛበት፥ ውሃም በየመንገዱ በማይገኝበት አገር፥ ራዲያተር ፈልቶ አለማስቆሙ ቀላል ነገር አልነበረም። የሞተሩ ክብደት በኋላ ጎማዎቹ ላይ ስለሚያርፍ በክረምት ጭቃ ቶሎ አትሸነፍም። አሠራሯም ግልጥ ስለ ሆነ፥ ጥቂት መፍቻ ያለው ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ሊፈታትና ሊገጥማት ይችላል። የመምህር ደመወዝ የሚችላት፥ የመምህርም ትዕግሥት የሚበቃት መኪና ነበረች ማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ አንድ ቮልስ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረችም። ጎረቤት ምጥ ሲይዛት በሌሊት የሚንኳኳው የባለመኪናው በር ነው። ሙሽራ በአበባ ተሸልማ የምትወጣው በእርስዋ ነው። ለቅሶ የሚደረሰው፥ ሕመምተኛ ወደ ጠበል የሚወሰደው፥ ለፋሲካ በግ የሚመጣው በእርስዋ ነው። ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ያለችው ጠባብ ጎድጓዳ ስፍራ የልጆች ድርሻ ነበረች፤ በዚያች ስፍራ ተጣጥፈው፥ የሞተሩ ሙቀት ከጀርባቸው እየተሰማቸው፥ በመስኮቱ ወደ ኋላ የሚሸሸውን መንገድ እያዩ ያደጉ ብዙዎች ናቸው። የአባትን መምጣት ልጆች የሚያውቁት ገና ከመታጠፊያው በሚሰማው ድምፅ ነበር፤ የሌላ ሰው ቮልስ ሲያልፍ የማይነሡ ልጆች፥ የአባታቸውን ሲሰሙ በር ለመክፈት ይሽቀዳደሙ ነበር። ይህን የመሰለ እውቀት በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።

መኪናና የአገር ታሪክ ፊት ለፊት የተገናኙት ግን በ1966 እና በ1967 ዓ. ም. ነው። በዓለም ላይ የነዳጅ ዋጋ በመናሩ በአገራችንም ቤንዚን ሲወደድ፥ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ. ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን መምህራንም ለራሳቸው ጥያቄ አደሙ። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስ ቢያደርግም የተነሣው ማዕበል ከዚያ በኋላ አልበረደም።

ሰባት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ጧት፥ የደርግ መልእክተኞች ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን የመውረዳቸውን ቃል አነበቡላቸው። ከዚያም ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ይዘዋቸው ሲሄዱ ያሳፈሯቸው በቮልስዋገን ነው። በሮልስ ሮይስ ሲመላለሱ የኖሩት፥ ከ1923 ዓ. ም. ጀምሮ በዘውድ የቆዩት አረጋዊ ንጉሥ ጐንበስ ብለው ወደ ኋላ መቀመጫዋ ገቡ። በዚያን ዕለት የተደረገውን ለውጥ ብዙ መጻሕፍት በብዙ ቃል ገልጸውታል፤ ይሁን እንጂ ከዚያች ትንሽ መኪና ጠባብ በር የበለጠ አሳጥሮ የገለጸው የለም። የዘውዱን ዘመን የዘጋችው መኪናና ጸሐፊውን ወደ መሥሪያ ቤቱ የምታመላልሰው መኪና አንድ ዓይነት ነበሩ። ስለዚህ ያችን ዕለት የሚያስታውስ የባለቮልስ ልጅ፥ የመንግሥቱን መውደቅ የሚያስበው በራሱ ቤት በር ላይ በቆመች መኪና መልክ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለሰውም ለመኪናም ከባድ ነበር። በቀይ ሽብር ዓመታት በሌሊት ደጅ ላይ የሚቆም መኪና ድምፅ የደስታ ምልክት መሆኑ ቀርቶ የቤተ ሰቡን ደም የሚያቀዘቅዝ ሆነ። ቤንዚን በራሽን ሆነ፤ ከሶቪየት ኅብረት የመጣችው ላዳ በየመንገዱ ታየች፤ የድሮዎቹ መኪናዎች መለዋወጫ ጠፋ። አሮጌዎቹን ያቆያቸው የመካኒኩ ብልኃት ነው። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የተገኘውን አገጣጥሞ፥ ያልተገኘውን ቀጥቅጦና በይዶ፥ ከሁለት የሞቱ መኪናዎች አንድ ሕያው ያወጣ ነበር። የጀርመን ሥራ የምንላቸው ብዙዎቹ ቮልሶች፥ ውስጣቸው ሲታይ ግማሽ በግማሽ የአዲስ አበባ ሥራ ናቸው። የመጨረሻዋ የቀድሞ ዓይነት ቮልስ በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ. ም. ሲሆን፥ እስከዚያ ቀን ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። የእኛዎቹ ግን መሠራታቸው ከቆመም በኋላ ከጎዳናችን አልጠፉም።

በዚህ ስፍራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» የሚል ሰው፥ አሮጌ መኪና ጭስ የሚተፋ፥ ፍሬኑ የማያስተማምን፥ ነዳጅ የሚጨርስ ነው፤ በዚያም ዘመን መኪና የነበረው ከብዙው ሕዝብ ጥቂቱ ብቻ ነው ይለናል። እውነቱን ነው። ትዝታ ጣፋጩን አስቀርቶ መራራውን የሚጥል ወንፊት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እኛ የምንለው አሮጌው ዘመን ይመለስ አይደለም፤ የቀረልን ማስረጃ ሳይነበብ አይጥፋ ነው። ጭሱም፥ የቤንዚን ሰልፉም፥ የሌሊቱም ፍርሃት የማስረጃው ክፍል ነውና አብሮ ይጻፍ።

ነገሩ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ገብቷል፤ ለአገርም ለአየርም የሚበጅ ነውና አንቃወመውም። በዚህ መካከል ወጣቶች የአያቶቻቸውን ቮልስ አስጠግነው፥ ቀለም አስቀብተው በአደባባይ ሲነዱ ማየት ደስ ያሰኛል። ይሁንና ባለቤቱ የሞተበት፥ ወራሽ የራቀበት መኪና በየግቢው ጥግ ሣር በቅሎበታል፤ መጨረሻውም ለብረት አቅላጭ በኪሎ መሸጥ ነው።

የነገሥታቱን መኪናዎች መንግሥት ይጠብቃቸዋል። የመምህሩን ቮልስ ታሪክ ግን ከልጆቹ በቀር የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ መኪናው ቢሸጥም ቢቀልጥም፥ በማን ደመወዝ፥ በስንት ዓመት ዕዳ እንደ ተገዛ፥ ማንን ወደ ሐኪም ቤት፥ ማንን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳደረሰ ከሽማግሌዎቹ አፍ ተጠይቆ ይጻፍ። ሊብሬው ውስጥ ተራ በተራ የተመዘገቡት የባለቤቶች ስሞች፥ ከመኪናው አጠገብ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፎች ይቀመጡ። የታሪክ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን የቤታቸውን የመጀመሪያ መኪና፥ መኪና በሌለበትም አያታቸው መጀመሪያ የተሳፈሩበትን ካሚዮን ታሪክ ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያዙ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማንም ሊያገኘው የማይችል መዝገብ ይሰበሰባል። ብረቱን ዝገት ይበላዋል፤ የሚያውቁት ሰዎችም በየዓመቱ እየቀነሱ ናቸው።