በወረቀት የመጣ ቋንቋ፦ የእንግሊዝኛ ትምህርት ታሪክ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

በመተማ ዮሐንስና በሱዳኗ ገላባት መካከል ያለው በበጋ የሚደርቅ ትንሽ ወንዝ ብቻ ነው። በዚህ ጠረፍ ሁለት የውጭ ቋንቋዎች ሥር ሰደዋል፤ የገቡበት በር ግን ለየቅል ነው። ዐረብኛ በገበያ ገባ፤ በጆሮ ተሰማ፣ በአፍ ተለመደ። እንግሊዝኛ መጀመሪያ በደብዳቤ፣ ቀጥሎ በውል ስምምነት፣ በኋላም በፈተና ወረቀት መጣ። የቆላው ተማሪ ዛሬም እንግሊዝኛን ሰዋስው፣ ቃላት፣ አንብቦ መረዳት እያለ ከፋፍሎ የሚለማመደው ከዚህ የተነሣ ነው።

መተማ ከጎንደር ወደ ስናር የሚወርደው የሲራራ ንግድ መናኸሪያ ነበረች። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ ሲሄዱና ከመካ ሲመለሱ እዚያው የቀሩ ተክሩሮች በአካባቢው ሰፍረው፣ አለቆቻቸው ለሐበሻም ለግብጽም እየገበሩ ገበያውን ይዘውት ኖረዋል። ቡናው፣ ሰሙ፣ ቆዳው፣ ከዚያም የሚያሳዝነው የባሪያ ንግድ የሚካሄደው በዐረብኛ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚህ ሲያልፍ ከሰው ጋር የተግባባው በዐረብኛ እንጂ በእናቱ ቋንቋ አይደለም። ለዚህ ዐረብኛ ደብተርም መምህርም አላስፈለገውም። ነጋዴው ሚዛን ሲይዝ፣ ዋጋ ሲቆርጥ፣ ሲካሰስና ሲታረቅ ይለምደዋል፤ ልጁም አባቱን እየተከተለ ይሰማል። ፊደሉን የሚያውቁት በቁርኣን ቤት በእንጨት ሉሕ ላይ የቀጸሉት ብቻ ነበሩ።

የማይናገሩትን ቋንቋ ከመጽሐፍ የመማር ልማድ ግን ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። ከመተማ ብዙም በማይርቀው በማኅበረ ሥላሴ ገዳምም ሆነ በጎንደር አድባራት ግእዝ የሚነበብና የሚዜም እንጂ በቤትና በገበያ የሚነገር ቋንቋ መሆኑ ካበቃ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። የቆሎ ተማሪ በንባብ ቤት ዳዊት ይደግማል። ቅኔ ቤት ሲገባ ግስ ያወርዳል፤ የግሱን እርባታ፣ የቃሉን ፍቺና አገባቡን ከየኔታ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ይይዛል። መጻሕፍት ቤት ሲደርስ ደግሞ አንዱን ንባብ በአንድምታ እየፈታ ምሥጢሩን ይመረምራል። ሰዋስው፣ ቃላት፣ የንባብ ትርጓሜ፦ ሦስቱም በቅደም ተከተል ነበሩ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ሲያስገባ ያገኘው ተማሪ ከዚህ ባህል የወጣ ነበር፤ ሽምደዳን የዘመኑ ተማሪ ስንፍና አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ረጅም ሥር አያስታውሱትም። ልዩነቱ የቅኔ ተማሪው ያጠናውን ሰዋስው በየቀኑ አዲስ ቅኔ እየዘረፈ በሥራ ላይ ማዋሉ ነው። የእንግሊዝኛው ተማሪ ይህን ዕድል አላገኘም።

እንግሊዝኛ በመተማ በኩል በታሪክ ጎልቶ ያለፈው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ በአማርኛ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቆየ፤ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። እንግሊዞች ከንግሥቲቱ ደብዳቤ ጋር የላኩት ሆርሙዝ ራሳም ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ከጠበቀ በኋላ በመተማ በኩል እንዲገባ ተፈቀደለትና በ1858 ዓ.ም. ሐኪሙን ሄንሪ ብላንክንና ሌተና ፕሪዶን ይዞ በከሰላ ዞሮ መተማ ደረሰ። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ስለነበር ዐረብኛ የአፍ መፍቻው ነው። ከንጉሡ ጋር የተነጋገረውም በዐረብኛ በኩል በአስተርጓሚ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እየተገለበጠ ደረሰ ማለት ነው። ነገሩ በመቅደላ ያለቀው በትርጉም ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ሆኖም በሁለቱ መንግሥታት መካከል የሌላውን ቋንቋ በቀጥታ የሚያነብ ባለሙያ እጅግ ጥቂት ነበር።

በዚያው ዘመን ቻይና በተመሳሳይ ጭንቅ ውስጥ ነበረች። በካንቶን ወደብ ነጋዴዎች ከእንግሊዞች ጋር የሚግባቡት በጆሮ በተለመደ ስብርባሪ የንግድ እንግሊዝኛ ነበር፤ የመተማ ነጋዴ ዐረብኛን እንደለመደው ማለት ነው። ሚስዮናዊው ሮበርት ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1823 ለቻይናውያን ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መንግሥት ግን ቋንቋውን በትምህርት ቤት ማስተማር የጀመረው በጦርነት ተሸንፎ እ.ኤ.አ. በ1858 በቲያንጂን ከተዋዋለ በኋላ ነው። ያ ውል አለመግባባት ቢነሣ የእንግሊዝኛው ቅጂ የበላይ እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1862 በቤጂንግ ቶንግወን ግዋን የተባለ የአስተርጓሚዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቴዎድሮስ ደብዳቤያቸውን የላኩበት ዓመት ነው። ቻይና የሌላው ቅጂ የሚገዛበትን ውል ፈርማ ወደ ትምህርቱ ሮጠች። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር በፈረመችው የውጫሌ ውል ተመሳሳይ ወጥመድ ገጥሟት በዐድዋ አመለጠች፤ አስተርጓሚ የማሠልጠኑ ሥራ ግን ዘግይቶ መጣ።

መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ፤ ከተማዋም በስማቸው ትጠራለች። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ የጋራ አስተዳደር ሥር ስትወድቅ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ቢሮ የእንግሊዝኛ ቢሮ ሆነ። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ሃሪንግተን በአዲስ አበባ የፈረሙት የወሰን ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጻፈ። በማግስቱ ዓመት ሜጀር ጉዊን ወሰኑን መሬት ላይ ምልክት እያደረገ ሲያልፍ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በዚህ አካባቢ ዛሬም የሚነሣው የድንበር ክርክር እነዚህን ወረቀቶች ማንበብን ይጠይቃል፤ ለጠረፉ ሰው እንግሊዝኛ ከሁሉ በፊት የመሬት ጉዳይ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

ቋንቋ የመማሩ ፍላጎት በዚያን ጊዜ በማዶው በኩል ይበልጥ ነበር። በሱዳን መንግሥት ሥር ያገለግል የነበረው ካርል አርምብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1908 የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1910 ደግሞ የእንግሊዝኛ–አማርኛ የቃላትና የሐረጋት መጽሐፍ በካምብሪጅ አሳተመ። ከዚያ በፊት ሚስዮናዊው ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1841 መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ሰዋስው በለንደን አሳትሞ ነበር። እንግሊዝኛን ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስተምር ይህን የሚያህል መጽሐፍ በአገሩ ሰው እጅ እስኪዘጋጅ ብዙ ዘመን አለፈ፤ አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው።

በ1901 ዓ.ም. በተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ የመጡ የኮፕት መምህራን ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ያስተምሩ ነበር። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ግን በመኳንንቱ ዘንድ ሚዛን የሚደፋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ የጅቡቲው ባቡርም በዚያው ቋንቋ ይሠራ ነበር። ለቆላው ሰው ይህ ሁሉ ሩቅ ነው። በካርቱም የጎርደን ኮሌጅ ለሱዳን ቢሮዎች እንግሊዝኛ የሚያውቁ ጸሐፊዎችን ሲያወጣ፣ በመተማ በኩል ያለው የእንግሊዝኛ እውቀት ከጉምሩክ ወረቀት ብዙም አላለፈም።

ለውጡ የመጣው ከጦርነት ጋር ነው። ጣሊያኖች ሰኔ 1932 ዓ.ም. ገላባትን ያዙ። ነሐሴ ላይ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተነሥቶ በቋራ በኩል ወደ ጎጃም ገባ፤ ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያ የኖረ ሰው ስለነበር ከአርበኞች ጋር ተግባባ። በጥቅምት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ዊሊያም ስሊም የሚመራው ዐሥረኛው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን መልሶ ቢይዝም መተማን መያዝ ሳይችል ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ገቡ። ከነጻነት በኋላ የእንግሊዝ አማካሪዎች፣ ገንዘብና መጽሐፍ ሲመጡ ፈረንሳይኛ ወደ ጎን ተገፋ። በ1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሄራልድ መታተም ጀመረ፤ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ከአንደኛ ደረጃ አጋማሽ ጀምሮ ማስተማሪያ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሲወርስ፣ እንግሊዝኛ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ ማለት ማትሪክ ማለት ሆነ። በ1940ዎቹ የተጀመረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንግሊዝኛን ላላለፈ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን በር ይዘጋ ነበር። የቆላው ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ወደ ደጋው መውጣት ነበረበት፤ ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የሚያስተምረውም በእንግሊዝኛ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ሲሰማሩ አንዳንድ ተማሪዎች ቋንቋውን ከተናጋሪው አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት። ይህ ዘመን አጭር ነበር፤ በደርግ ጊዜ አብቅቷል።

ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ተማሪዎች ‹‹ፓሴጅ›› የሚሉት አንድ ገጽ የሚያህል ጽሑፍ ይቀርባል፤ ከሥሩ የምርጫ ጥያቄዎች ይደረደራሉ። ቀጥሎ ቃላት፣ ቀጥሎ ግራመር። ለአማርኛ ተናጋሪ ችግሩ የሚጀምረው ከቃላት ቅደም ተከተል ነው። ‹‹ገበሬው ሰሊጡን አጨደ›› ቢባል፣ ‹‹ሰሊጡን ገበሬው አጨደው›› ቢባል፣ አጫጁ ማን እንደሆነ አይጠፋም፤ ‹‹ን›› ተሳቢውን ትለያለች። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ምልክት የለም፤ ስሞቹ ቦታ ከተለዋወጡ ሰሊጡ ገበሬውን አጨደው። ጊዜም ያስቸግራል፦ ‹‹ትናንት መጥቻለሁ›› በአማርኛ ያለ ነገር ነው፤ ተማሪው ይህንኑ ይዞ ‹‹ሃቭ›› ያለበትን ግስ ከ‹‹የስተርዴይ›› ጋር ሲያጣምር ነጥብ ያጣል።

ከቻይናዊ ተማሪ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ቻይንኛ እንደ እንግሊዝኛ ግሱን ከስሞቹ መካከል ስለሚያደርግ የቻይና ተማሪ በዚህ አይደናገርም። በሌላ በኩል የቻይንኛ ግስ በባለቤትም በጊዜም አይረባም፤ በአፍ ሲነገርም ‹‹እሱ›› እና ‹‹እሷ›› አንድ ድምፅ ናቸው። ስለዚህ ቻይናውያን ‹‹ሂ›› እና ‹‹ሺ››ን ይቀላቅላሉ። ግስ ማርባትን ከእናቱ የተማረው አማርኛ ተናጋሪ እዚያ ላይ ብዙም አይሳሳትም፤ ይልቅስ ብዙ ጊዜ ግዑዙን ነገር ‹‹ሂ›› ይለዋል። ሁለቱ የሚገናኙበት አንድ ከባድ ቦታ አለ። በአማርኛም በቻይንኛም ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል፦ ‹‹ትናንት ከገዳሪፍ የመጣው ነጋዴ››። እንግሊዝኛ ነጋዴውን አስቀድሞ ገላጩን ከኋላው ያስከትላል፤ ገላጭ በገላጭ ሲደራረብ ባለቤቱ ከግሱ ይርቃል፣ አንባቢው መሃል መንገድ ይጠፋል። አንብቦ መረዳት ላይ ተማሪዎች የሚወድቁት ቃሉ ጠፍቷቸው ብቻ ሳይሆን እዚህም ላይ ነው። መምህሩ ረጅም የቃላት ዝርዝር ከማስያዝ ሌላ ለዚህም ለይቶ ቢያለማምዳቸው ይጠቅማቸዋል።

በዚህ መሃል ወንዙ ማዶ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ወጣች፤ በ1965 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ወደ ዐረብኛ ማዞር ጀመረች፣ በ1990 ዩኒቨርሲቲዎቿንም አስከተለች። እንግሊዝኛን ከቅኝ ገዢ የወረሰው አገር ሲተወው፣ በቅኝ ያልተገዛው አገር አጥብቆ ያዘው። ደርግ እንኳን አብዮቱን አውጆ መጻሕፍቱን ‹‹ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ›› ሲል ማስተማሪያ ቋንቋውን አልነካም፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ጎልማሶቹ ማንበብ የተማሩት በአገር ቋንቋዎች ነበር። በዚያው ዘመን በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍና ካርቱም የተሰደዱ ብዙዎች ዐረብኛን ለእንጀራ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ለአሜሪካና ለካናዳ ቃለ መጠይቅ ተማሩት። ለእነሱ ቋንቋው ከቅጽ ጋር ተጣብቆ ቢመጣም ቶሎ በአፍ የሚነገር ሆነ፤ ሕይወታቸው በእሱ ላይ ቆሞ ነበርና።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥና በሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንዲሆን ወሰነ። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃው ተተከለ፤ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት ሲፈስ ለመጠየቅም ለማስቆምም አይመችም ነበር። በቆላው ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለ። የትምህርት ዓመቱ መስከረም ሲጀመር የሰሊጥ አጨዳ ይከተላል፤ ሳሉግ የሚባሉት ወቅታዊ የጉልበት ሠራተኞች ከደጋው እየጎረፉ በሚወርዱበት በጥቅምትና በኅዳር ጉልበት ያለው ልጅም ማሳ ውስጥ ይውላል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሰዋስው የሚሰጠው ክፍሉ በሳሳበት ወቅት ነው። ልጁ ወደ ክፍል ሲመለስ የሚያገኘው የጓደኛ ደብተርና ያለፉት ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች ፎቶ ኮፒ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ፈተናው የተጠየቀው በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ በፊዚክስ የወደቀው ልጅ ፊዚክሱን ይሁን ጥያቄውን እንዳልተረዳ ከውጤቱ መለየት አይቻልም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ ድንበር የብዙ አገር ዜጎችና ሱዳናውያን ስደተኞች ጎረፉ። በዐረብኛ የሚናገረውን ስደተኛ ታሪክ በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ለማስፈር መካከል ላይ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በመተማ ዐረብኛውን ከገበያ ያገኙ ወጣቶች ሞልተዋል፤ እንግሊዝኛውን በቅጡ የሚጽፉት ግን ጥቂት ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ይህን ቁጥር የሚያበዛውን መንገድ አጥብቦታል።